በሩ ሲከፈት ቀጥታ ሳሎን ለሆነባችሁ፦ መግቢያ እንዴት ይሠራል

"መግቢያሽን እንዴት ነው እንደዚ ያረግሽው?" ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ቡና ሊጠጣ ከመጣው ሁሉ ይሄ ጥያቄ አይቀርም። እኔ ደሞ በቃል ሳስረዳ ግማሹን እረሳዋለሁ፣ ሰውዬው መስታወት ብቻ ገዝቶ ይሰቅልና "እኔ ቤት አላምር አለ" ብሎ ይደውልልኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ባለ አንድ መኝታ። በሩን ስትከፍቱት ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ ሶፋው ጋ ናችሁ፣ መግቢያ የሚባል ክፍል የለም። ግንፍሌና ጎተራ ያሉ ጓደኞቼ ቤትም ያው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው 1 ሜትር በ 1 ሜትር ተኩል ለምትሆን የሳሎን ጥግ ነው፣ የራሱ ኮሪደር ያለው ቤት ካላችሁ ደግሞ እሰየው፣ ይቀላችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከውጪ ስትመጡ ይዛችሁት የምትገቡት ነገር አለ፣ ጭቃ፣ ውሃ፣ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ነጠላ፣ ፌስታል። እያንዳንዱ በር ጋ ማረፊያ ካላገኘ ሄዶ ሶፋ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ማረፊያውን እንሠራለን፣ ማስዋቡ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ያስዋባችሁትን ነው መልሳችሁ የምታፈርሱት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ጠመኔ፣ እርሳስ፣ ውሃ ልክ (ስልክ ላይ ያለው አፕም ለዚህ ሥራ ይበቃል)
- ድሪል፣ 6 እና 8 ሚሊ የግድግዳ ፑንታ፣ 8 ቁጥር ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ)፣ ከ 6 እስከ 7 ሳንቲም የሚረዝም ብሎን፣ ካቻቢቴ
- አንድ ጣውላ፦ ርዝመቱ 90 ሳንቲም፣ ወርዱ 10 ወይ 12፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲም
- ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ 5 መንጠቆ
- ሁለት እግር መጥረጊያ፣ አንዱ ሻካራ አንዱ ውሃ የሚመጥ
- የጫማ መደርደሪያ
- ከፍታው 45 ሳንቲም አካባቢ የሆነ መቀመጫ
- 40 በ 100 ሳንቲም የሆነ 4 ሚሊ መስታወት፣ ከነ መያዣ ክሊፑ
- ኤልኢዲ አምፖል፣ ቢቻል ቻርጅ የሚይዘው ዓይነት
- ፕላስቲክ ቀለም፣ ሲንተቲክ ቀለም፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሮለር፣ የወረቀት ፕላስተር
- ለጃንጥላ የሚሆን እንስራ ወይም ከባድ ባልዲ

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። የት ይገኛል ለሚለው፣ ብሎኑን፣ ፊሸሩን፣ ቀለሙን ከሰፈር ሕንፃ መሣሪያ ቤት ግዙት፣ ለሁለት ብሎን ብላችሁ መርካቶ አትውረዱ። መርካቶ የምትሄዱት ለመደርደሪያውና ለመስታወቱ ነው፣ እግረ መንገዳችሁን ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ፣ አሮጌ ብረት፣ መንጠቆ፣ የተፈታ የበር ቁራጭ እዛ ስታገላብጡ ጥሩ ነገር አይጠፋም። ለቁልፍና ለማስዋቢያ የሚሆነው ሰፌድ ቸርችል ጎዳና ያሉት የዕደ ጥበብ ሱቆች ጋ አለ ግን የቱሪስት ዋጋ ነው፣ መርካቶ ይሻላል። የሚሰቀል ጥበብ ጨርቅ ከፈለጋችሁ ሽሮ ሜዳ።

1. ሦስት ቀን ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

ማታ ሁሉም ሰው ቤት ከገባ በኋላ በሩ አካባቢ ያለውን በስልካችሁ አንሱት። ምንም አታስተካክሉ፣ እንዳለ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታዩት ቤታችሁ ምን እንደጎደለው ይነግራችኋል። እኔ ቤት ሦስቱም ፎቶ ላይ ቁልፉ ቴሌቪዥኑ ጋ ነበር፣ እርጥብ ጃንጥላ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ነጠላዬ የወንበር መደገፊያ ላይ። ጫማ ነበር ችግሬ ብዬ የማስበው፣ ጫማው ግን ሦስቱም ቀን ቦታው ላይ ነበር። ይሄን እርምጃ ብዘለው መደርደሪያ ገዝቼ ገንዘቤን እጨርስ ነበር።

2. በሩ የሚዞርበትን በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣሉ

በሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ጫፉ የሚሄድበትን እየተከተላችሁ ወለሉ ላይ ጠመኔ አስምሩ። 90 ሳንቲም የሆነ በር 90 ሳንቲም ራዲየስ ያለው ሩብ ክብ ይሠራል። እዛ ክብ ውስጥ ከቀጭን ምንጣፍ በስተቀር ምንም አይቀመጥም። ከዛ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ አስምሩ፣ ቢቻል 90 ሳንቲም፣ ሲብስ ሲብስ 80። ከክቡና ከመንገዱ ውጪ የቀረው ነው የናንተ ቦታ፣ ሁሉም ነገር እዛ ውስጥ ነው የሚገባው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ሱቅ ውስጥ 35 ሳንቲም ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ትንሽ ይመስላል። ቤት ስታመጡት በሩ ግማሽ ድረስ ነው የሚከፈተው፣ ፍሪጅ ወይ ፍራሽ ማስገባት ስትፈልጉ ደግሞ መደርደሪያውን ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። እሳት ቢነሳ ምናምን ሳልል።

⚠ ከበራችሁ ውጪ ያለው ኮሪደር የናንተ አይደለም። (ኮሪደር ስል የኮሪደር ልማቱን ማለቴ አይደለም፣ የሕንፃውን መተላለፊያ ነው።) በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መተላለፊያና ደረጃ የጋራ ነው። አንድ እግር መጥረጊያ ጎረቤት አይከፋበትም፣ የጫማ መደርደሪያና ጀሪካን ደርድራችሁ ካስቀመጣችሁ ግን ኮሚቴው መምጣቱ አይቀርም፣ ጭስ በሞላበት ደረጃ ላይ ደግሞ ሰው ያደናቅፋል።

3. ግድግዳውን አንኳኩት፣ እርጥበቱንም ፈትኑ

በጣታችሁ አንኳኩ። የደነደነ ድምፅ ከሆነ ብሎኬት ነው፣ ከበሮ የሚመስል ባዶ ድምፅ ካለው ጂፕሰም ቦርድ ወይ ቺፕውድ ነው፣ እሱ ላይ ከባድ ነገር አይሰቀልም፣ ከኋላው ያለውን ብረት ወይ እንጨት አግኝታችሁ እሱ ላይ ብቻ ነው የምታስሩት።

እርጥበቱን ለማወቅ 40 በ 40 የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጡና አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ድፍን አርጋችሁ ለጥፉት፣ 24 ሰዓት ተዉት። ሲነሳ ግድግዳው በኩል ያለው የላስቲኩ ገጽ ላይ ጠብታ ካለ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ቱቦ ወይ ጣራ ወይ የውጪ ስንጥቅ ፈልጉ። ጠብታው ክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የቤቱ እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ይሄን ሳታዩ ቀለም ከቀባችሁ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ተጋገረ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ይነሳል። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትቀቡ፣ ቀለሙ ራሱ እስኪደርቅ ያሰለቻችኋል።

⚠ የብሬከር ሳጥኑ ብዙ ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ነው። ከሳጥኑ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው፣ ከሶኬቱ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አትብሱ፣ ገመዱ እዛ ነው የተቀበረው፣ የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው፣ ቀልድ የለውም። ማብሪያው ወይ ሶኬቱ አካባቢ መብሳት ግድ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉና በባትሪ ድሪል ሥሩ። ሳጥኑን ለመሸፈን ማጠፊያ ያለው ፍሬም ብትሰቅሉበት ያምራል፣ በጨለማ በአንድ እጅ ካልተከፈተ ግን ተዉት።

4. ቀለም፦ የታችኛውን 1 ሜትር ለብቻ

ሙሉ ግድግዳውን በፕላስቲክ ቀለም ብትቀቡ ከወለል እስከ ወገብ ያለው በስድስት ወር ይጠቁራል፣ ቦርሳ ይነካዋል፣ ሕፃናት በእጃቸው እየተደገፉ ጫማ ያወልቁበታል፣ ጀሪካን ይፈጨዋል፣ በጨርቅ ስትጠርጉት ደግሞ ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከወለል እስከ 1 ሜትር ወይ 1 ሜትር ከ20 ድረስ በሲንተቲክ ቀለም ቅቡ፣ ይታጠባል። ከላይ ፕላስቲክ ይበቃል።

አሠራሩ፣ ቀዳዳና ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ይድረቅ። ነባሩ ቀለም የሚያንጸባርቅ ከሆነ እስኪደበዝዝ ፈግፍጉት፣ ካልሆነ አዲሱ ቀለም የሚይዝበት አጥቶ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላጣል። መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ያዙና ሁለት ጊዜ ቀቡ። ሲንተቲኩ በሁለቱ ቅብ መሀል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ አንሱት፣ ከደረቀ ጠርዙን ይዞ ነው የሚነሳው። መስኮት ክፈቱ፣ የሲንተቲክ ሽታ ራስ ያዞራል፣ ሕፃን ካለ የዛን ቀን አያት ጋ ይደር።

ከለሩ የናንተ ጉዳይ ነው ብቻ ከታች ያለው ከላይኛው የጠቆረ ይሁን። ነጭ የቀባ ሰው አውቃለሁ፣ እስካሁን እየጠረገ ነው።

5. ሁለት እግር መጥረጊያ፣ አንድ አይበቃም

ሻካራው (የኮኮናት ቃጫ ወይ ላስቲክ) ከበሩ ውጪ፣ ውሃ የሚመጠው ከውስጥ። ሥራቸው ይለያያል፣ ሻካራው ጭቃውን ይፍቃል፣ የውስጡ የቀረውን ውሃና አቧራ ይመጥጣል። አንዱን ለሁለቱም ሥራ ካረጋችሁት ምንጣፉ ራሱ ጭቃ ይሆንና ሳሎኑን የሚያቆሽሸው እሱ ነው። በጋ ላይ አቧራ ነው፣ ክረምት ላይ የሰፈራችን ጭቃ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

የውስጠኛውን ከመግዛታችሁ በፊት በበሩና በወለሉ መሀል ያለውን ክፍተት ለኩ። በሩ የሚነካው ምንጣፍ በየቀኑ እየታጠፈ በመጨረሻ ሰው ይጥላል።

⚠ ሴራሚክ ላይ ምንጣፍ ይንሸራተታል። ምንጣፉን ገልብጡና ጀርባው ላይ በሲሊኮን አምስት ስድስት መስመር በየ 10 ሳንቲሙ አስምሩበት፣ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዛ ንቅንቅ አይልም። አሮጊት ወይ ነፍሰ ጡር ካለበት ቤት ይሄን እንዳትዘሉት።

6. ጣውላና መንጠቆ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

መንጠቆ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አትምቱ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ከልስኑ ጋር ደምራችሁት ጠንካራው ክፍል ከ 5 ሳንቲም ብዙም አይበልጥም፣ አንድ ብሎን ላይ እርጥብ ካፖርትና ቦርሳ ሲንጠለጠል ቀስ እያለ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ጣውላውን በ 4 ብሎን አስራችሁ መንጠቆዎቹን ጣውላው ላይ ብታስሯቸው ክብደቱ ለአራት ይካፈላል፣ መንጠቆ መቀየር ስትፈልጉም ግድግዳ አትነኩም።

ተለጣፊ መንጠቆስ ለምትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ኪሎ ይሸከማል ይላል ማሸጊያው፣ ሊሸከም ይችላል፣ ቀለሙ ግን አልተሸከመውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ "ዷ!" የሚል ድምፅ ሰምቼ ሌባ ነው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ስወጣ ቦርሳዬና አንድ መዳፍ የሚያህል ቀለም አብረው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ሴራሚክ ወይ መስታወት ላይ ከሆነ ይሠራል፣ ፕላስቲክ ቀለም ላይ አትመኑት።

ሀ) ጣውላውን ፈግፍጉ፣ ቫርኒሽ ወይ ቀለም ቀቡት፣ ከጫፍ 5 ሳንቲም ገባ ብላችሁ በየ 20 ሳንቲሙ ምልክት አርጉ፣ 5 መንጠቆ ልክ ይመጣል። ከ 20 ካነሰ ሁለት ጃኬት ጎን ለጎን አይንጠለጠልም፣ አንዱ አንዱን ይገፋዋል።

ለ) ከወለል 165 ሳንቲም ለአዋቂ። ልጆች ካሉ ሌላ አጭር ጣውላ 100 ሳንቲም ላይ። ልጅ የማይደርስበት መንጠቆ ካለ ቦርሳው ወለል ላይ ነው የሚውለው፣ ብትጮሁበትም ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ሐ) ጣውላው ላይ አስቀድማችሁ ከየጫፉ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብሱ፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አርጉት። ግድግዳው ላይ ያዙትና አንዱን ቀዳዳ ብቻ በእርሳስ ምልክት አርጉ።

መ) ድሪሉ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለው ማርሽ ካለ አጥፉት። መዶሻው የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ከውስጥ ይሰብረዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋና ፊሸሩ ይሽከረከራል። በ 6 ፑንታ ጀምሩ፣ በ 8 አስፉት። ፑንታው ላይ 5 ሳንቲም ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ፣ የት እንደምታቆሙ ያሳያችኋል።

ሠ) አቧራውን እፍ በሉት (ዓይናችሁን ጨፍናችሁ!)፣ ፊሸሩን አስገቡ፣ ብሎኑን ግማሽ ድረስ እሰሩ። ከዛ ውሃ ልኩን ጣውላው ላይ አስቀምጡና ሌላውን ጫፍ አስተካክላችሁ የቀሩትን ሦስት ምልክት አርጉ። አራቱንም ቀድመው ምልክት የሚያረጉ ሰዎች አሉ፣ የአንዱ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሲዛነፍ ጣውላው ተጣሞ ይቀራል።

ረ) ፊሸሩ ከተሽከረከረ ቀዳዳውን በጂፕሰም ሙሉት፣ ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ እንደገና ብሱት። ክብሪት እንጨት ወትፎ ማሰር የታወቀ ዘዴ ነው፣ ለፎቶ ይሆናል፣ ለጃኬት አይሆንም።

መንጠቆዎቹ ጫፋቸው ድቡልቡል ይሁን ያልኩት ለነጠላ ነው። ሹል ከሆነ ክሩን ይመዘዋል፣ ጥበቡን አንዴ ከሳበው አይመለስም። እሁድ ጠዋት ለቤተክርስቲያን ስትወጡ የምታነሱት አንድ መንጠቆ ለነጠላ ብቻ ይሁን፣ እርጥብ ጃኬት ከጎኑ አይሰቀል፣ ቀለም ይለቅበታል።

7. ጫማ

ለአንድ ሰው በር ጋ ሁለት ጥንድ፣ የቀረው አልጋ ሥር ወይ ቁምሳጥን። አንድ ጥንድ የአዋቂ ጫማ 20 ሳንቲም ገደማ ወርድ ይይዛል፣ ስለዚህ 80 ሳንቲም መደርደሪያ በአንድ ደረጃ 4 ጥንድ ይይዛል፣ አራት ሰው ላለበት ቤት ሁለት ደረጃ በቃ። ለእንግዳ አንድ ባዶ ደረጃ ከላይ ተዉለት።

ቦታ ከጠበበ ጫማውን ሸርተት አርጎ የሚይዘውን ቀጭኑን ቁምሳጥን ግዙ፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲም አካባቢ ነው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው) ከሆነ እግር ይኑረው፣ ወለሉ ሲወለወል ውሃ ከነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ለበያጅ ማሠራት ካሰባችሁ 2 በ 2 ሳንቲም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳይቀባ እንዳትረከቡ።

ድፍን በር ያለው ከሆነ ጀርባው ላይ አሥር ያህል ቀዳዳ ብሱለት፣ አየር ካላገኘ ክረምት ላይ በሩን ስትከፍቱ ሰላምታው ሌላ ነው። የረጠበ ጫማ በፍጹም ቀጥታ አይገባም፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ከውጪ ይደር።

8. መቀመጫ

ትልቅ ሰው ሲመጣ ሥነ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። "ላውልቅ እንዴ?" "ኧረ በሞቴ ይግቡ!" "ኧረ ምንጣፉ..." እያሉ በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ ይይዛሉ፣ ሌላው እጅ ማሰሪያውን ይፈልጋል፣ በሩ ደሞ ይዟቸው ይዞራል። አባቴ እንደዚ ሲንገዳገድ አይቼ ነው በማግስቱ መቀመጫ ያሠራሁት።

ከፍታው 45 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 30 ወይ 35። በርጩማ ያምራል ግን ዝቅ ይላል፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ተቀምጦ ይቀራል። በርጩማውን ለልጆቹ አርጉት። መቀመጫው ከግድግዳ ጋር ይጠጋ፣ ከጎኑ የሚይዙት ነገር ይኑር፣ ከሥሩ ለእንግዳ የሚሆን ሁለት ነጠላ ጫማ።

9. ጃንጥላ

የተቀደሰ ምክር፣ አንገቱ የተሸረፈ እንስራ። ከባድ ነው አይወድቅም፣ ሆዱ ሰፊ ነው አራት ጃንጥላ ይይዛል፣ ለጌጥም ይሆናል። የሸክላ እንስራ ውሃ ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከሥሩ ሰሃን፣ ከውስጡ አንድ እፍኝ ጠጠር፣ የጃንጥላው ጫፍ ውሃው ውስጥ ቆሞ እንዳይዝግ። በሳምንት አንዴ ድፉት፣ ካልደፋችሁት ይሸታል።

10. መብራት

ነጭ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ካሸጊያው ላይ ይጻፋል) አምፖል መግቢያውን ፋርማሲ ያስመስለዋል። ሞቅ ያለውን ከ 2700 እስከ 3000 ኬልቪን ግዙ፣ ለዚህች ጥግ ከ 5 እስከ 7 ዋት ኤልኢዲ ይበቃል። ቻርጅ የሚይዘውን ከገዛችሁ ማብሪያው "በርቶ" እያለ መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፣ ማብሪያውን ካጠፋችሁት ግን ብዙዎቹ ዝም ነው የሚሉት፣ ብዙ ሰው "ተበላሸ" ብሎ የሚመልሰው ይሄን ባለማወቅ ነው። አምፖሉ መደበኛው ጠመዝማዛ መሆኑን አይታችሁ ግዙ።

11. መስታወትና ቁልፍ

መስታወቱን ስታስቆርጡ ጠርዙን አስሞርዱት። 40 በ 100 የሆነ 4 ሚሊ መስታወት ባዶውን 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ በክሊፕ፣ በብሎንና በፊሸር ይታሰር። ታችኛው ጫፉ ከወለል 1 ሜትር፣ ላይኛው 2 ሜትር፣ ፊትም ነጠላም ይታያል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወይ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት የቀኑን ብርሃን ወደ ጥጉ ይመልሳል፣ ጨለማ ለሆነ ቤት ከአምፖል ይበልጣል። የበሩ እጀታ የሚደርስበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም፣ መጀመሪያ የበር ማቆሚያ ምቱ።

⚠ በሲሊኮን ለመለጠፍ ካሰባችሁ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትጠቀሙ፣ የመስታወቱን ጀርባ ይበላውና ከፊት ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። "mirror" ወይ "neutral" የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ።

ለቁልፍ ትንሽ ሰፌድ ወይ ገበታ፣ መደርደሪያው አናት ላይ። ሙዳይ ሞክሬ ነበር፣ ክዳን አለው፣ ማንም ክዳን አይከፍትም፣ ቁልፉን ክዳኑ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ ይወድቃል።

12. አሁን አስውቡት

ሁለት ነገር፣ ቢበዛ ሦስት። አንድ የግድግዳ ነገር (ሰፌድ፣ ጥበብ በፍሬም፣ የቤተሰብ ፎቶ) እና አንድ ተክል። ብርሃን ላነሰው ጥግ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ወደ ላይ የምትቆመው ሳንሴቬሪያ ትሆናለች፣ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ውሃ፣ ከዚያ በላይ ካጠጣችኋት ሥሯ ይበሰብሳል። ሕፃን ወይ ድመት ቅጠሏን ካኘከ ሆድ ይረብሻል፣ ከፍ አርጓት።

ለበዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዙ ምንጣፎቹን ጠቅልላችሁ አንሱ። እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ አረንጓዴ ያስቀራል፣ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ በሩ ጋ ሳሳ አርጉት። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ በማሰሮ ከሆነ መቀመጫው ላይ ሳይሆን መደርደሪያው አናት ላይ።

⚠ እጣን የሚጨስበት ማንደጃ ከተሰቀለ ነጠላና ጋቢ በታች አይቀመጥ። ጥጥ ነው፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። የከሰል ጭስ በጠባብና በተዘጋ ቦታ ይገድላል፣ በሩ ተዘግቶ አይነድ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

መስታወት መጀመሪያ መግዛት። ከዛ ቀጥሎ ምንጣፉ፣ ሁሌ ከበሩ ወርድ ያንሳል፣ ሰው ዘሎት ነው የሚገባው። ሁለቱም እግር ሊያርፍበት ይገባል፣ 40 በ 60 ሁሌም አይበቃም። ጀሪካኖቹን በሩ ጀርባ ማስቀመጥም አለ፣ በሩ ሙሉ አይከፈትም፣ ሲከፈትም ይመታቸዋል። የደረቀ የአበባ ጉንጉን የበሩ ፊት ላይ መስቀል ደግሞ አቧራ መሰብሰብ ነው። ሁለት ዓመት ሳይረግፍ ያየሁት የፕላስቲክ ጉንጉንም አለ፣ እሱስ ይርገፍ።

ሁሉንም ስትጨርሱ ማታ አንድ ጊዜ ፈትኑት። ሁለት ፌስታል አንጠልጥሉ፣ ጃንጥላ ያዙ፣ የውስጡን መብራት አጥፉና ከውጪ ግቡ። ፌስታሉን ወለል ላይ ሳታስቀምጡ ማብሪያውን ካገኛችሁት፣ ጃንጥላው እንስራው ውስጥ ከገባ፣ ቁልፉ ሰፌዱ ላይ ካረፈ ጨርሳችኋል። የሆነ ቦታ ላይ ከቆማችሁና "አሁን ይሄን የት ላርገው" ካላችሁ እሱን ብቻ አስተካክሉ።

ተከራይ ከሆናችሁ

ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን በቴክስት ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡት። እምቢ ካሉ ግድግዳውን የማይነካ የቆመ ማንጠልጠያ ግዙ፣ እግሩ ከባድ ይሁን፣ ጃኬቶቹን በሁለቱም ጎን እኩል አካፍሉ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሰቀላችሁ ይወድቃል። መስታወቱ ወለል ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚደገፈው ዓይነት ይሁን፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ አርጉለት፣ ሕፃን ካለ ግን ይቅርባችሁ። ከፈቀዱላችሁ ደግሞ የቀባችሁት ቀለም ቁጥር ያለበትን የጣሳውን ክዳን አትጣሉት፣ ስትለቁ ፊሸሩን በፒንሳ ስባችሁ አውጡ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ ፈግፍጉ፣ በዛው ቀለም ነካ አርጉት።